ሰማያዊ ፍቅፋቂ

ሬሳው የተገኘው በማለዳ ነው፤ በዶሮ እርባታው የመኖ ቤት ውስጥ፣ ወደ ትልቁ መቀላቀያ በሚያስወጣው የብረት መሰላል ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ። ሟቹ የእርባታው የመኖ ባለሙያ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ጠበቃት። ሥራው ከሸፈበት፣ አፈረ፣ መሰላሉ ላይ ወጣና ራሱን ወረወረ። አለቀ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ የድሮ አለቃዋ ሲሆን፣ በምስጋና ያውጣው በነገር እስከ ዛሬ አልለየላትም። ጡረታዋ የተቃረበ፣ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያጉረመርምባት ሴት ናት። ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ሲናገር ሆዷ አይወድም። እንዲህ ያለውን ወሬ የምትሰማው አንድ ጆሮዋን ብቻ አውሳ ነው።

ወደ መኖ ቤቱ ልትገባ እግሯን ስታነሣ አንድ ግዙፍ ሰው በትህትና መንገዷን ዘጉባት። የእርባታው ባለቤት ናቸው፤ የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም። ትንሽ ትልቁ «ጋሼ» ይላቸዋል።

«ይቅርታ እህቴ፣ በዚህ ጫማ አይገባም» አሏት።

«ውስጥ እኮ ሬሳ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ። እሱም ቢሆን ሥርዓቱን ጠብቆ ነው የገባው።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ እጃቸው ግን ነጭ ቦቲ አንሥቶ እየዘረጋላት ነበር።

በዚህ እርባታ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጫማ አለው። ለዶሮዎቹ ቤት አረንጓዴ፣ ለመኖ ቤት ነጭ፣ ለማሸጊያ ክፍል ቢጫ። የሚገባ ሰው የመጣበትን አውልቆ የቤቱን ያጠልቃል፤ በሩ ላይ ያለውን የመድኃኒት ውሃ ሳፋ ረግጦ ያልፋል። ሲወጣ ደግሞ ሶሉን በብሩሽ ፈትጎ፣ አጥቦ መደርደሪያው ላይ ይመልሳል። ይህን የማያደርግ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

«ከዓመታት በፊት በሽታ ገብቶ አንዲት ጫጩት ሳትቀር ጨርሶብኛል» አሉ ጋሼ። «የገባው በሰው ጫማ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከመቃብር ቢነሡ እንኳ ጫማ ሳይለውጡ አላስገባቸውም።»

ወንፊት ነጩን ቦቲ አጠለቀች። ሰውዬውን ወደደቻቸው። ወዲያው ወንበር አስመጡላት፣ ውሃ አስቀዱላት፣ ጉልበቷን አይተው «ቀስ ብለው» አሏት። እሷ በምትሄድበት ቤት ሁሉ ሰው ፊቱን ያጠቁርባታል እንጂ ወንበር አያመጣላትም፤ ስለዚህ ነገሩ ልቧን ነካው።

የመኖ ቤቱ ወለል የበቆሎ ዱቄት እንደለበሰ ነው የሚኖረው። ጠርገው ሳይጨርሱ ማሽኑ ይነሣል፣ ዱቄቱም ተመልሶ ይረግፋል። ጠዋት ሰው ተሯሩጦ ስለገባበት ሁሉም ነገር ተተራምሷል፤ የማን ዱካ የማን እንደሆነ አይለይም። ሟቹ ነጭ ቦቲውን አድርጓል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ተፈንክቷል፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ደም ግን ጥቂት ነው።

ወንፊት ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከች። የሟቹን ሶል ገልብጣ አየች፣ ጥርስ ጥርሱን በጣቷ ዳሰሰች። ንጹሕ ነው። አንዱን ቦቲ ወለቅ አድርጋ ካልሲውን ፈተሸች። እዚያ ላይ ተጠቅልላ የተለጠፈች ቀጭን የእንጨት ፍቅፋቂ አገኘች፤ አንድ ጎኗ ተራ እንጨት፣ ሌላው ጎኗ ሰማያዊ። ማንም ሳያያት ፖስታ ውስጥ ከተተቻት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘውን የመጋዘን ኃላፊ ነው። ክረምት ከበጋ በሸበጥ ስለሚዞር «ባለ ሸበጡ» ይባላል። በሸበጡ ምክንያት ጋሼ ዶሮዎቹ ቤት ዝር እንዳይል አግደውታል፤ እሱም ታግዶ ደስ ብሎታል።

«በሩን ስከፍት ተደፍቶ አየሁት፤ ጮህኩ» አለ። «ሁሉም እንዳለ መጣ። ሐኪሟ በመንገድ ጫማዋ፣ ሚስቱ ከማሸጊያ ክፍል በቢጫ ቦቲዋ፣ ሴቶቹ ገሚሱ በባዶ እግራቸው። ጋሼ ብቻ በር ላይ ቆመው ጫማ ለወጡ።»

«በዚያ ሰዓት?»

«በዚያ ሰዓት። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። አይፍረዱባቸው እትዬ፣ አስበውት አይደለም፤ እጃቸው ነው። ቤታቸው ቢቃጠል ቦቲ ለውጠው፣ ሳፋ ረግጠው ነው እሳት የሚያጠፉት።»

ወንፊት ፈገግታዋን ለመደበቅ አፍንጫዋን አከክ አከክ አደረገች። «ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ማ አቀበለዎት? እውነት ነው። ትናንት ያ የምርመራ ውጤት ሲመጣ አፈሩን ከሌላ ጉድጓድ አምጥተህ ጉድ ሠራኸኝ ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም፣ የሚገባውን መለስኩለት። ከምሳ በኋላ ግን መጋዘን ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። አፈሩ ደህና ነው፣ ያላግባብ ተናገርኩህ አለኝ።»

«ይኼው ነው?»

«ሰጋቱራ ማን እንደሚያስገባም ጠየቀኝ። ድሮ የእንጨት ቤቱ መኪና ያመጣ ነበር፤ አሁን በእኔ በር ካለፈ ወራት ሆኖታል፣ ምን አውቄ አልኩት። እሱም ራሱን ነቅንቆ ሄደ።» ባለ ሸበጡ የእግሮቹን ጣቶች አየ። «ደግ ሰው ነበር እትዬ። ተሳድቦ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ስንት አለ?»

አፈሩ የተባለው ነገር ለወንፊት አልገባትም። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሟን ፈልጋ አገኘቻት። ሐኪሟ እርባታውን ከውጭ እየመጣች የምታይ ቀጠን ያለች ወጣት ናት። ጫማ መለዋወጥ ስለሚሰለቻት፣ ተጠቅማ የምትጥለውን የፕላስቲክ ከረጢት እግሯ ላይ አስራ ነው የምትገባው።

«ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አለቻት ወንፊት። «እንደማላውቅ አይደለም፤ አላውቅም።»

«እርሳስ የሚባለው ብረት ዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም» አለች ሐኪሟ። «ጉበቷ፣ ኩላሊቷ፣ አጥንቷ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሥጋዋም አይቀርለትም። የሚበላውን ሰው ደግሞ ይጎዳል። ሕፃን ከሆነ አእምሮውን ነው የሚነካው። የዚህ እርባታ ዋና ደንበኛ የሕፃናት ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው።»

«ሟቹስ ምን ያደርግ ነበር?»

«ብረቱን መቀነስ ነበር ሥራው። መጀመሪያ ያረጁትን የውሃ ቧንቧዎች አስነቀለ። ቀጥሎ መኖው ላይ ንጹሕ ነጭ የሸክላ አፈር በትንሽ በትንሹ መቀላቀል ጀመረ። አፈሩ ብረቱን አንጀቷ ውስጥ እንዳለ ይይዘውና ከኩሷ ጋር ይዞት ይወጣል። እያንዳንዱን ዙር ስንመረምር ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ። ሰውየው በደስታ ሊያብድ ምንም አልቀረውም ነበር። ትናንት ግን፣ ነገ የሚታረዱት ዶሮዎች የምርመራ ውጤት መጣ። ከመጀመሪያውም የባሰ ነው።»

«ምን አለ?»

«ምሳ ላይ ነበርን፤ ጋሼም፣ ሚስቱም፣ ሁላችንም። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ውሃ ስወቅጥ ነው የኖርኩት አለና ሳህኑን ገፋ። ጠዋት ሬሳውን ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።» ሐኪሟ ጥቂት አሰበች። «ግን ከወጣ በኋላ ተመልሶ መጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዶሮ ከመኖና ከውሃ ሌላ ምን ትበላለች አለኝ። ያገኘችውን ሁሉ አልኩት። እየቀለደ መስሎኝ ነበር።»

«አልቀለደም» አለች ወንፊት። «ዶሮዎቹን አሳይኝ።»

ሁለቱ ነገ የሚታረዱት ዶሮዎች ወዳሉበት ቤት ሄዱ። ወንፊት አረንጓዴ ቦቲ አጠለቀች፤ ሐኪሟ ፕላስቲኳን አሰረች። ነጫጭ ዶሮዎች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልተው መሬቱን ይጭራሉ፣ ይለቅማሉ፣ ቀና ብለው ያዩና ደግሞ ይለቅማሉ። ሐኪሟ ገና ጥቂት ራመድ እንዳለች ቆመች። ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር ሰጋቱራ ዘገነች።

«ይሄ አዲስ ነው» አለች። «ነገ የሚታረዱ ዶሮዎች ሥር ማን አዲስ ጉዝጓዝ ያለብሳል? ልክ እንግዳ ሲወጣ ምንጣፍ እንደ ማንጠፍ ነው። እዚህ ቤት እንዲህ ተደርጎ አያውቅም።»

ወንፊት በቤቱ ዙሪያ ያለውን የሲሚንቶ እርከን ተከትላ ሄደች። ጠርዙ በአቧራና በኩስ ጠቁሯል። በሩ አጠገብ ብቻ የክንድ ያህል ቦታ ታጥቦ ነጥቷል። ከውጭ ከግድግዳው ጋር የተደገፈ የመኖ ጋሪ አለ። እሱም ታጥቧል።

ሚስትየዋን ያገኘቻት ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው። ዶሮ በመበለት በግቢው የሚተካከላት የለም ይባላል። ቤትሽ ሂጂ ቢሏት እምቢ ብላ፣ ከብረት ጠረጴዛው አጠገብ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች ገና ስታያት። «ጥሎኝ ነው የሄደው? ለምን እንዴት አልልም። ጥሎኝ መሄድ አለመሄዱን ብቻ።»

«ገና አላወቅኩም ልጄ።»

«ትናንት ጠዋት ሲወጣ ተናግሬዋለሁ። ከእኔና ከዶሮዎቹ ማንን ነው ያገባኸው አልኩት። በቀልድ ጀምሬ በቁም ነገር ጨረስኩት። ምሳ ላይ ያንን ሲናገር እንኳ ተነሥቼ አልተከተልኩትም፤ አኩርፌ ነበር። ጥሎኝ ከሄደ በዚያ ምክንያት ነው።»

ወንፊት ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ማታ ሳይመጣ ሲቀር አልፈራሽም?»

«ጋሼ ናቸው ያረጋጉኝ። ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ባልሽ ሆዱ ባብቷል፣ ዛሬ እዚያው እርባታው ይደር፤ አትደውዪለት፣ ይረፍበት አሉኝ። እናታችን ስትሞት ዳዴ እል ነበር እትዬ፤ እሳቸው ናቸው እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ። እሳቸው ያሉኝን ሰምቼ አልደወልኩም።»

ወንፊት ይህን በልቧ ያዘችና ስለ ቤታቸው ጠየቀቻት።

«የኪራይ ነው። የራሳችንን ልንሠራ ነበር። የአባባ ቤት አርጅቶ ሲፈርስ ጋሼ ሳንቃውን በሙሉ ለእኔ አስቀምጠውልኛል፤ ጓደኛቸው ግቢ ነው ያለው። የሳሎኑን በር ለመኝታ ቤታችን አደርገዋለሁ ስለው ባሌ ይስቅብኝ ነበር። በር ተይዞ ቤት ይሠራል ወይ ይለኛል።» 

ጋሼን በመጨረሻ አነጋገረቻቸው። ቢሯቸው ውስጥ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው፣ የጠየቀቻቸውን ሁሉ ሳያመነቱ መለሱላት። ሟቹን ከምሳ በኋላ አላዩትም። እርባታው እንደሚያድር የነገራቸው ምሳ ላይ ነው። መኖ ቤት ሬሳው እስኪገኝ ድረስ ሳምንት ያህል አልገቡም።

«ዶሮዎቹ ነገ ይታረዳሉ?» አለቻቸው።

«ምን ምርጫ አለኝ? ሆስፒታሉ ይጠብቃል። ሌላ እርባታ ካገኘ ወደ እኛ አይመለስም፤ ይሄ ሁሉ ሰው እንጀራው ይዘጋል። ላቦራቶሪም እኮ ይሳሳታል።»

«ሰጋቱራው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከእንጨት ቤቱ ነዋ፣ እንደ ሁልጊዜው» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ጉልበቷን ስላመማት ደግፈው በር ድረስ ሸኟት።

ወንፊት ጋሼ ባስመጡላት ወንበር ላይ ግቢው መሃል ተቀመጠች። ከቀትር በኋላ የፖሊስ ሐኪሙ ደወለላት። አዳመጠችው፤ አመሰገነችው፤ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ እጇ ላይ ያዘችው። በዚህ ሥራ ብዙ ክፉ ሰው አይታለች። ክፉን ሰው መያዝ አይከብዳትም። የወደደችው ሰው ሲሆን ግን የተከዳችው እሷ ራሷ እየመሰላት ትናደዳለች፤ ያን ዕለትም ተናደደች።

አመሻሽ ሳይደርስ ሁሉንም ማሸጊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጋሼ፣ ሚስትየዋ፣ ሐኪሟና ባለ ሸበጡ የብረቱን ጠረጴዛ ከበው ቆሙ፤ ባለ ሸበጡ በግድ ቢጫ ቦቲ አድርጎ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። ሐኪሟ ወንፊት ባዘዘቻት መሠረት ከዚያ የዶሮ ቤት የታረደች አንዲት ዶሮ ይዛ መጥታለች።

«ይህ ሰው መሰላል አልወጣም» ብላ ጀመረች ወንፊት። «መኖ ቤቱ ውስጥ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም። እኔ ጠዋት ከበሩ እስከ መሰላሉ ስሄድ፣ ከሳፋው በረጠበው ሶሌ ላይ ዱቄቱ ተለጥፎ ስወጣ ብሩሽ አስቸግሮኛል። የእሱ ሶል ላይ ግን ቅንጣት ዱቄት አልነበረም።»

«ታዲያ እንዴት ገባ?» አለች ሐኪሟ።

«ተጭኖ፤ በመኖ ጋሪ። የተፈነከተው ዶሮዎቹ ቤት፣ በሩ አጠገብ ባለው እርከን ላይ ነው። እርከኑም ጋሪውም ታጥበዋል። የካልሲው ሰጋቱራ ግን አልተራገፈም።»

ባለ ሸበጡ አንገቱን ነቀነቀ። «ዶሮዎቹ ቤት ከነበረ አረንጓዴ ቦቲ ነው የሚያደርገው።»

«አድርጎ ነበር። መኖ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ የተሸከመው ሰው አረንጓዴውን አውልቆ ነጩን አጠለቀለት። አረንጓዴውንም አጥቦ ቦታው መለሰው።»

«እኛን ለማታለል ነዋ።»

«መጀመሪያ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የሚያታልል ሰው ግን እያሰበ ነው የሚሠራው። ነጩን ሶል ወለሉ ላይ ያሸው ነበር፤ ሁለት ጊዜ እጁን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚፈጅበት። ይኸኛው ይህን አላሰበም። ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ እጁ የለመደውን ሠራ። አረንጓዴ ቦቲ ይዞ መኖ ቤት መግባት አልቻለም። በዚያ ሰዓት እንኳ አልቻለም።»

ክፍሉ ውስጥ ማንም ጋሼን አላየም። ሁሉም ጠረጴዛውን ነው የሚያዩት።

«ሐኪሟ ፕላስቲክ ታስራለች እንጂ ቦቲ ነክታ አታውቅም» አለች ወንፊት። «ባለ ሸበጡም ጫማ መለወጥ ቢያውቅበት ኖሮ ስሙ ሌላ ይሆን ነበር። ሚስቱ ከማሸጊያ ክፍል ሴቶች ጋር አብራ ወጥታ ቤቷ ነበረች፤ ቤቷ መሆኗንም ጋሼ ራሳቸው ሄደው አይተዋል። የሟቹን ጩኸት ሰምቶ ሁሉም ሰው ባገኘው ጫማ ሲሮጥ—»

«የእኔን ጩኸት» አለ ባለ ሸበጡ ቀስ ብሎ።

«የአንተን ጩኸት። ሁሉም ሲሮጥ አንድ ሰው ብቻ በር ላይ ቆሞ ጫማ ለወጠ።»

«እህቴ» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። «ደንብ ስላከበርኩ ነው ነፍሰ ገዳይ የሚያደርጉኝ?»

«በእሱ ብቻ አይደለም። ለምን የሚለው ይቀራል።» ወንፊት ወደ ዶሮዋ አመለከተች። «ዶሮ ጥርስ የላትም። የዋጠችውን የምትፈጭበት ጠንካራ ከረጢት አላት፤ ጠጠር ቢጤ ነገር ስታገኝ እዚያ ታቆየዋለች። ጉዝጓዙን ቀለም በሌለው አዲስ ሰጋቱራ መሸፈን ይቻላል፤ እዚያ የገባውን ግን ማን ያወጣዋል? ዶክተር፣ ክፈቺው።»

«እኔ እከፍተዋለሁ» አለች ሚስትየዋ። «ሥራዬ ነው።»

ማንም ሳይከለክላት ቢላዋዋን አነሣች።  ከረጢቱን አውጥታ ሰነጠቀችው፤ ውስጡን በውሃ አለቅልቃ ነጭ ሳህን ላይ ዘረገፈችው። የበቆሎ ስብርባሪ፣ ጥቂት ጠጠር፣ በመካከላቸውም ጥፍር የሚያካክሉ የቀለም ቅርፊቶች ነበሩ። ሰማያዊ ናቸው። ወንፊት ከፖስታው ያችን ፍቅፋቂ አውጥታ ከጎናቸው አስቀመጠች።

«የድሮ ቀለም እርሳስ አለበት» አለች ሐኪሟ በቀስታ። «የእሱ አፈር ጥፋት የለበትም ማለት ነው። እንዲያውም አፈሩ ባይኖር ውጤቱ ከዚህም ይከፋ ነበር።»

ሚስትየዋ አንዱን ቅርፊት በቢላዋዋ ጫፍ ገለበጠች። ከሰማያዊው ሥር ሌላ ቀለም አለ፤ ቢጫ። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቢጫውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ትምህርት ቤት ስገባ አባባ ቀለም ምረጪ ብለውኝ። ሰማያዊውን ኋላ ነው የደረቡበት።» ቀና አለች። «ጋሼ፣ ይሄ የአባባ ቤት ነው። ሳንቃው ጓደኛዎ ግቢ ነው ብለውኝ ነበር።»

ጋሼ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

«ሰጋቱራ ጠፋ» አሉ። «እንጨት ቤቱ ሥራ ሲያቆም ዶሮዎቹን ባዶ ሲሚንቶ ላይ ላስተኛቸው? ሳንቃው ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ጥቂት ጥቂት እያልኩ በማሽን ላግኩት። ኋላ አዲስ እገዛልሻለሁ ብዬ። ቀለም ምን ያደርጋል፣ እንጨት ነው ብዬ። አላወቅኩም ነበር።»

«ትናንት አመሻሽ ግን ነገረዎት» አለች ወንፊት።

«ዶሮዎቹ ቤት ጠራኝና አሳየኝ። ሁሉም ይወገዱ አለ። ለሆስፒታሉ ዛሬውኑ እደውላለሁ አለ። ለእሷም እነግራታለሁ አለ፣ ስለ ሳንቃው። ቀስ በል፣ አንድ ቀን ታገሠኝ አልኩት። ስልኩን ሲያወጣ ገፋ አደረግኩት። ገፋ ብቻ። እርከኑ ላይ ወደቀ።»

ሚስትየዋ ወደ ወንፊት ዞረች። «ስለዚህ ጥሎኝ አልሄደም።»

«አልሄደም ልጄ። ጥሎሽ አልሄደም።»

ለአፍታ ፊቷ ተፈታ። ከጠዋት ጀምሮ ደርቆ የነበረው ዓይኗ ሞላ። ወንፊት እዚያ ላይ ብታቆም ደስ ባላት፤ ነገር ግን የፖሊስ ሐኪሙ የነገራትን ይህች ሴት ነገ ከፍርድ ቤት ከምትሰማው ዛሬ ከእሷ ብትሰማው ይሻላል ብላ ወሰነች።

«ጉሮሮው ውስጥ የበቆሎ ዱቄት ተገኝቷል» አለች። «አየር መተንፈሻው ድረስ ገብቷል። የሞተ ሰው ዱቄት አይስብም።»

ሚስትየዋ ነገሩ እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት። ባለ ሸበጡ ግን ቀድሞ ገባው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«መኖ ቤት ሲገባ ይተነፍስ ነበር?» አለች ሚስትየዋ።

«አዎ።»

«የሚተርፍ አልመሰለኝም» አሉ ጋሼ። «ደሙን ብታዪው… የሚተርፍ አልመሰለኝም። ሐኪም ብጠራ ሁሉም ነገር ይወጣል፤ እርባታው፣ አንቺ፣ ሁላችንም…» 

«ተናግሯል?»

ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ።

«ጋሼ፣ ተናግሯል ወይ?»

«ጋሪው ላይ ሳለ አንቺን ጠራ።»

«ምን አሉት?»

ትልቁ ሰውዬ አቀረቀሩ። 

«ምን ልበለው፤ እንዲረጋጋ ብዬ ነው» አሉ። «ጠርቻታለሁ፣ እየመጣች ነው አልኩት።»

ከዚያ በኋላ ነው ቤቷ ድረስ ሄደው አትደውዪለት ያሏት። ሚስትየዋ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች።

«አምኖህ ሲጠብቀኝ ነበር» አለችው።